የአህያ ማቆሚያ በሰቆጣ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ እበላለሁ። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ነጭ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ ለከበቡት ወጣቶች ያወጋል። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለምና ፊቱን አልለየሁትም፤ ድምፁን ግን በጨለማም አልስተውም። አቶ አድማሱ ነው። «በዚህች ከተማ ፓርኪንግ የሚባለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላቸዋል። «ያኔ ሰው ምን ያውቃል? እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት።» ልጆቹ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ «ለካ እርስዎ ነዎት» እያሉ ያጎርሱታል። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። የሙሽራዋ አባት አይቶኝ፣ «ምነው አያ ካሳ፣ ወጡ አልጣመዎትም?» ቢለኝ፣ «ወጡ ምን በወጣው» አልኩት። ሰውዬው እኮ አልዋሸም፤ ያመጣው እሱ ነው። የሚያቃጥለኝ መኩራቱ ነው።

ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ስፌት መኪናዬን ዋናው መንገድ ዳር ካለው የአባቴ የድንጋይ ቤት በረንዳ ላይ አውጥቼ ቀኑን ሙሉ እረግጣለሁ። መንገዱ አስፋልት የሚባል ነገር አያውቅም፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። መብራት ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካገኘ ወደ ማታ ትንሽ ይመጣና ደህና እደሩ ሳይል ይሄዳል። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ሱሪ በአንድ ብር አሳጥር ነበር፤ የካኪ ቁምጣ ከነጨርቁ በአሥራ ሁለት ብር ሰፍቼ አስረክብ ነበር። ሴቶቹ የአቡጀዲ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ ያደርጋሉ፤ ኮንጎዋ ስትበጠስ በጋለ ቢላዋ ትበየድና ሌላ ዓመት ትሄዳለች። ከጎኔ ካለው ሻይ ቤት ቴፑ አንዱን ካሴት እየደጋገመ ይለቀዋል፤ ወደ አሥር ሰዓት ባትሪው ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ የወንድ ይሆናል፤ ይህንንም ቢሆን የሚጠላው ሰው አልነበረም። ለፋሲካ ሰሞን ትልቁ ሥራዬ ኮት መገልበጥ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁትም። ፊቱን ፀሐይ የበላው ኮት ይፈታና ውስጡ ወደ ውጭ ተደርጎ እንደገና ይሰፋል፤ ባለቤቱም አዲስ ኮት ገዛ ይባልለታል። የአቶ አድማሱን ኮት ሁለት ጊዜ ገልብጬለታለሁ። ሁለተኛው ላይ ወደ ነበረበት ቢመለስም እሱ አላወቀም፤ ስብሰባ ሲመራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ አዲስ የለበሰ ሰው መስሎ ይቆም ነበር።

በዚያ ጊዜ የጽዳትና ውበት ኮሚቴ የሚባል ነገር ነበር፤ አቶ አድማሱ ሊቀመንበሩ ነው። ማን እንደመረጠው የሚያውቅ የለም፤ እኛ የሰማነው ከተመረጠ በኋላ ነው። ስለ ጽዳት ሲናገር ሁለት ሰዓት ይቆማል፤ ከቤቱ ኋላ ያለው ቦይ ግን እስከ ዛሬ ይሸታል። ታዲያ አንድ ጊዜ ለስልጠና ወደ ትልቅ ከተማ ተላከ። ሰው ከተማ ሄዶ ሲመለስ ሳሙና ይዞ ይመጣል፣ ቢበዛ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። እሱ ፓርኪንግ ይዞ መጣ። መኪና መንገድ ዳር ሲቆም ገንዘብ ሲከፈልበት አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። በመጣ በሳምንቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ በመሐል ከተማ መኪና ያቆመ ሁሉ ይከፍላል አለን። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «የማንን መኪና?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው ወደው አልጠየቁም። ከተማው ውስጥ የነበረው መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። የመንግሥት መኪና ማስከፈልን ራሱ አቶ አድማሱ ፈራ። የእርዳታ ድርጅቶቹ ሾፌሮች፣ እኛ ከቀረጥ ነፃ ነን ብለው መስታወቱን ዘጉ። ስንዴ የሚያመጡት አይሱዙዎች ከከተማው መግቢያ ውጭ አቁመው ሾፌሮቹ በእግራቸው እየገቡ ምሳ በልተው ይመለሱ ጀመር። ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር ደግሞ የባሰ ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ ቀርቦ ሲጠይቀው፣ «ለመቆም ነው የምከፍለው? እንግዲያው አልቆምም» አለና ሞተሩን ሳያጠፋ ቀስ እያለ ሲሄድ መንገደኛው ከነጓዙ እየዘለለ ወረደ። አንዲት አሮጊት ከነዶሮዋ ስትወርድ ዶሮዋ አምልጣ ከተማው ግማሽ ቀን ሲያሳድዳት ዋለ። ገንዘብ ተቀባዩ ፈንቴ ይባላል፤ የአቶ አድማሱ ሚስት ወንድም ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራ ይዞ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ ያዘ ለማለት ይከብደኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው፤ የእኛ ኮሚቴ ደግሞ መኪናውን ፈርቶ ወደ አህያው ዞረ።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። ገበያ ቀን ከጋዝጊብላ፣ ከፃግብጂ፣ ከቆላው ከአበርገሌ ሳይቀር ሰው አህያውን ጭኖ ይመጣል። እያንዳንዱ ባላገር ከተማው ውስጥ አንድ ደጅ አለው፤ ከአባት የወረደ ነው። የእኛ ግቢ የጋዝጊብላዎች ነበር። ባላገሩ አህያውን እየነዳ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም፤ አንድ እቅፍ ጭድ ወይም ሁለት እንቁላል፣ ካጣም ጭብጥ ባቄላ ለባለቤቱ ይሰጣል። ይህ ኪራይ አይደለም። ባለቤቱ ያችን ነገር ከተቀበለ አህያይቱ አደራ ናት ማለት ነው። ውሃ ያጠጣታል፤ ጌታዋ ሰክሮ ወይም ታሞ ቢቀር ያሳድራታል፤ ከጠፋች ይተካል። ልጅ ሳለሁ ጅብ አጥራችንን ጥሶ ገብቶ የአንድ ባላገር አህያ በላ። ባላገሩ ምትክ አልጠየቀም። አባቴ የነበረችንን አንዲት ጊደር ከነገመዷ አስረከበው። እናቴ አልቅሳ፣ «ምን አጠፋን? ጅብ ነው እኮ» ብትለው፣ «እንቁላሉን በልተናል» አላት። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለ ጊደሯ የተናገረ የለም።

ኮሚቴው ይህን ሁሉ ኋላ ቀር አሠራር አለው። በየግቢው አህያ ማሰር ለጤና ጠንቅ ነው ተባለ፤ መንገድ ዳር ሲታሰር ግን ለከተማው ውበት ይሆናል መሰለኝ። ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የባሕር ዛፍ ግንድ ተተከለ። ለአህያ ስሙኒ፣ ለበቅሎ ሽልንግ ሆነ። በግቢው አስሮ የተገኘ የከተማ ሰው ደግሞ ይቀጣል ተባለ። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ለመለየት ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ እየተቆረጠ ቁጥር ተጻፈበት፤ አንዱ በአህያዋ አንገት ይንጠለጠላል፣ መንታው ለባለቤቷ ይሰጣል። አቶ አድማሱ በዚህ ብልሃቱ ተኩራርቶ ያንን የተገለበጠ ኮቱን ለብሶ በግንዶቹ መካከል ሲንሸራሸር የማይስቅ አልነበረም፤ የሳቅነው ግን ወደ ግድግዳ ዞረን ነው።

ባላገሩ አልሳቀም። ነገሩን በደንብ አሰበበት። ገንዘብ ተቀበሉን፤ ምልክት ሰጡን፤ እንግዲህ ከተማው በሙሉ አንድ ደጅ ሆኖ አደራችንን ተቀበለ ማለት ነው አለ። ሌላ ትርጉም ሊሰጠው አይችልም፤ ከብቱን አስረክቦ፣ ተቀባዩም እጁን ዘርግቶ ተቀብሎ፣ አደራ ያልሆነ ነገር በአገሩ አያውቅም። እንዲያውም ስሙኒዋ ብቻዋን ነውር መስላ ስለታየችው ለፈንቴ ጭድ ያመጣለት ጀመር። እንቁላልም ያመጣለታል። ፈንቴ ጭዱን ለራሱ ላም ወሰደ፤ እንቁላሉን ቀቅሎ በላ። በዚያ ሰሞን ጉንጩ ሞልቶ ነበር።

ዛሬ በዚያው መንገድ ባጃጅ ነው የሚርመሰመሰው። ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ግንዶቹንማ ሰው በኋላ ነቅሎ ለማገዶ ወስዷቸዋል፤ ከኮሚቴው ሥራ ለሕዝብ የጠቀመው ያ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ጎረምሶች መኪና ገና ሳይቆም ይሮጣሉ። የእህቴ ልጅ ባለፈው መድኃኒት ሊገዛልኝ አንድ አፍታ ቢያቆም፣ አንዱ ወረቀት ቆርጦ መስታወቱን አንኳኳ። ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ነው የሚያናግረን። «የምን ነው?» ስለው «የመቆሚያ ነው፣ አባባ» አለኝ። የእህቴ ልጅ ሳይከራከር ሰጠው። የዛሬ ሰው ለመቆምም ለመሄድም መክፈልን ለምዶታል፤ ለምን እንደሚከፍል ብትጠይቀው ግን የሚመልሰው አያገኝም። ልጁን አልፈርድበትም፤ ከእነማን እንደወረሰው አውቃለሁና።

ወደ ያኔው ልመለስና ስለ ዝማም ላውጋ። ዝማም የጋዝጊብላ ሴት ናት፤ ከባሏ ጋር ሆና እኛ ግቢ ስታስር ነው የማውቃት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና ሁለት ልጆቿን የምታኖረው አንዲት አህያ ነበረች። ገብስ ወደ ገበያ ትጭናለች፤ ጨው ይዛ ትመለሳለች፤ በሌላው ቀን የጎረቤት እህል ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፤ በዚያች ነው ጎጆው የሚጨሰው። በቤቷ ኽምጣኛ ስለምትናገር አማርኛዋ ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን መርጣ፣ ካልጨረሰችም የማትቸኩል ሴት ናት። አህያይቱን ስትጠራት ግን በአማርኛም በኽምጣኛም ነበር፤ የትኛው እንደሚገባት አይታወቅም ትል ነበር።

አንድ ገበያ ቀን መጣችና ግንዱ ላይ አሰረች። እህቷ ወልዳ ሐኪም ቤት ተኝታ ስለነበር ማደር ነበረባት። ስሙኒዋን ከፈለች፤ ቆርቆሮዋን ተቀበለች፤ በዚያ ላይ አንድ እቅፍ ጭድና አራት እንቁላል ለፈንቴ ሰጥታ፣ «ዛሬ ከእህቴ ዘንድ አድራለሁ» አለችው። «እሺ» አላት። ሲመሽ ፈንቴ ቤቱ ገባ። ኮሚቴውም እየቤቱ ገባ። በዚያ ዘመን ሰቆጣ ላይ ሲመሽ ጅብ መሐል መንገድ ድረስ እንደሚመጣ የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። ጠዋት ዝማም ስትመለስ ከግንዱ ላይ ገመዱን፣ ከግንዱ ሥር ኮቴና ያቺን የቆርቆሮ ቁራጭ አገኘች።

ሰው ተሰብስቦ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሷ አላለቀሰችም። ገመዱን ፈትታ ጠቀለለችና በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ቤት ሄደች። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ ተከተልኳት። አቶ አድማሱ ገና ጠረጴዛውን እየወለወለ ነበር። እጅ ነስታ፣ «ደህና አደሩ፣ ጌታዬ። ምትኳን ልወስድ መጣሁ» አለችው።

«የምኗን ምትክ?»

«የአህያዬን።»

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ እብድ መሰለችው። ነገሩ ሲገባው ደግሞ ሊያስወጣት ተነሣ፤ እሷ ግን ደጁ ላይ ተቀመጠች። ከጋዝጊብላ የመጡት ሁሉ ገበያቸውን ትተው አጠገቧ ተቀመጡ። እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ መጥራት ግድ ሆነ። ዋርካው ሥር ተሰየሙ፤ የደብሩ መሪጌታ መሐል ተቀመጡ። አቶ አድማሱ ኮቱን ቆልፎ ቆመ።

«እኛ ያስከፈልነው የቦታ ነው» አለ። «ለጥበቃ አይደለም። ይህ በሠለጠነው ዓለም የታወቀ ነገር ነው።»

መሪጌታው ወደ ዝማም ዞሩ። «ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

«ቦታ ልገዛ አልመጣሁም፣ አባቴ» አለች። «ቦታ አገሬ ሞልቷል። ከጋዝጊብላ እዚህ ድረስ ሁሉም ቦታ ነው። አህያ መቆሚያ አታጣም። እኔ የከፈልኩት እንዲያዩልኝ ነው።»

«ማን ነው አያለሁ ያለሽ?» አለ አቶ አድማሱ።

«እንቁላሌን ተቀብሏል» አለችና ወደ ፈንቴ ጠቆመች። ፈንቴ መሬት መሬት ያያል። አቶ አድማሱ፣ እንቁላሉ የግል ጉዳይ ነው፣ ኮሚቴውን አይመለከትም ብሎ አረፈው። ከተቀመጡት አንዱ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዝማም ብቻ አልሳቀችም። መሪጌታው ግን፣ «ከአንድ ሰው ከብት ተቀብሎ፣ መብሏንም ተቀብሎ፣ አላውቃትም የሚል ሰው በዚህ አገር አይቼ አላውቅም። ትከፍላላችሁ» አሉ። አቶ አድማሱ ሽማግሌን እንቢ ማለት ስለማይችል፣ ኮሚቴው ያጠናዋል አለ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ገና ያጠናዋል።

ከዚያ በኋላ ዝማም በየገበያው ቀን ትመጣለች። ገብሱን በጀርባዋ ነው የምታመጣው፤ የአህያይቱ ጭነት እሷ ትከሻ ላይ ስለወደቀ የምታመጣው ትንሽ ነው፣ የምትመልሰውም ጨው ትንሽ ነው። ትልቁን ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ሰው ቤት ለእረኝነት አስገብታዋለች ብለው ነገሩኝ። ሸጣ ስትጨርስ ኮሚቴው በር ላይ ትቆማለች። አትጮህም፣ አትሳደብም፤ ትቆማለች። «ምን ተገኘ፣ ጌታዬ?» ትለዋለች። «እየተጠና ነው» ይላታል። እጅ ነስታ ትሄዳለች። ባላገሩም አህያውን እዚያው ግንድ ላይ ማሰሩን አልተወም ነበር። ሽማግሌ ከፈረደ ነገሩ አልቋል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይከፈላታል ብሎ ያምን ነበር። እኔ አቶ አድማሱን ስለማውቀው አላመንኩም፤ ቢሆንም ልባቸውን ማድከም አልፈለግሁም።

ከጥናቱ ያየነው ውጤት በአንድ ገበያ ቀን መጣ። ጠዋት ስፌት መኪናዬን ሳወጣ በመንገዱ ራስ ላይ አዲስ ሰሌዳ ቆሟል፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ በሰማያዊ ተጽፎበታል። ባላገሩ ከበበው፤ የሚያነብ ስላልነበረ እኔን ጠሩኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፦ «በዚህ ማቆሚያ ለሚጠፋ፣ ለሚሰረቅና በአውሬ ለሚበላ ንብረት ኮሚቴው ኃላፊነት የለበትም።»

አንድ በቅሎ የያዙ የፃግብጂ ሽማግሌ፣ «እስኪ ድገመው፣ ልጄ» አሉኝ። ደገምኩት።

«አደራ እንበላለን ብለው በሰሌዳ ጻፉት?» አሉ።

ምን እላቸዋለሁ? «እንደዚያ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ሽማግሌው የበቅሎዋን ገመድ ፈቱ። ሌላውም ፈታ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ጫጫታም የለም። ቆርቆሮውን ከአህያው አንገት እያወለቁ ሰሌዳው ሥር እየጣሉ፣ እየነዱ ከከተማው ወጡ። ፈንቴ ገንዘብ መቀበያ ከረጢቱን እንደታጠቀ ባዶ ግንዶቹ መሐል ቀረ።

ዝማም ቆማ ስትሰማ ነበር። ጨው ገዝታ በቁናዋ አድርጋለች። እንደ ልማዷ ወደ ኮሚቴው በር ሄደች፤ አቶ አድማሱ ደጁ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን በሩቅ ያደንቃል። ሲያያት ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ዛሬም መጣሽ?» አላት።

«ልጠይቅዎ አይደለም፣ ጌታዬ። ልተውልዎ ነው» አለችው። «እስከ ዛሬ የተመላለስኩት አደራዬን ለሰው የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።»

«ደግ አደረግሽ፣ እህቴ» አላት። እጅ አልነሳችውም። የጨው ቁናዋን በጀርባዋ አዝላ፣ መቀነቷን አጥብቃ የጋዝጊብላን መንገድ ያዘች። እሱ እስክትርቅ አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየህ ካሳ፣ ሕዝብ በጽሑፍ ሲነገረው ይገባዋል» አለኝ።